«ይቺ ልጅ እናት የላትም?»

እናቴ ሂንዲ አትችልም። የሕንድ ፊልም ስታይ ግን አስተርጓሚ አያስፈልጋትም። በወጣትነቷ ሲኒማ ራስ ተሰልፋ እየገባች ያየች ሴት ናት። ማን ማንን እንደወደደ፣ ማን ሊከዳ እንደሆነ፣ አክተሩ መቼ እንደሚያለቅስ ከፊታቸው ታነባለች። እኔ ከሥር የሚያልፈውን ጽሑፍ አንብቤ ሳልጨርስ እሷ ቀድማኝ ስቃለች። ወይ የነጠላዋን ጫፍ ወደ ዓይኗ ወስዳለች።

«ኒሻብድ» የተባለውን የሕንድ ፊልም አብረን ያየነው እሑድ ከሰዓት ነው። ቡናው ገና ቶና ላይ ነበር። እማዬ ሲኒዋን እንደያዘች ቆየችና ወደ እኔ ዞር አለች።

«ይቺ ልጅ እናት የላትም?»

«አላት፤ ከአባቷ ጋር ተፋተዋል» አልኳት። ፊልሙም ስለ ልጅቷ ቤት የሚነግረን ከዚያ ብዙም አይበልጥም። እማዬ «እህ» አለችና ወደ ቴሌቪዥኑ ተመለሰች። ከዚያ ወዲያ ፊልሙን በእሷ ዓይን ነው ያየሁት።

ይህን አሁን ያነሣሁት በምክንያት ነው። በኖቬምበር 2025 «ደ ደ ፒያር ደ» የተባለው ፊልም ክፍል ሁለት ወጣ። ከ50 ዓመት ያለፈ ሰውና ሠላሳ ያልሞላት ሴት ሊጋቡ የሚሉበት ኮሜዲ ነው። እንዲህ ያለ ፊልም በወጣ ቁጥር ያው ክርክር ይነሣል። አንዱ «በአባቷ ዕድሜ እኮ ነው፣ አያፍርም እንዴ?» ይላል። ሌላው «ፍቅር ዕድሜ አያውቅም» ይላል። ሁለቱም የሚጨቃጨቁት ቁጥሩ ላይ ነው።

እኔን ቁጥሩ አይደለም የሚያሳስበኝ። የፍቅር ታሪክ ሁለት ሰው ይፈልጋል። ሁለት ሙሉ ሰው። አንዱ ሰው ሆኖ ሌላዋ ሥዕል ብቻ ከሆነች፣ ልዩነቱ 42 ዓመትም ይሁን 2 ዓመት ታሪኩ አይቆምም። ይህን እንደ «ኒሻብድ» አፍረጥርጦ ያሳየኝ ፊልም የለም። የሚያሳዝነኝም ሁሉም ነገር እጁ ላይ መኖሩ ነው።

ፊልሙ የወጣው በማርች 2007 ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ስሙ «ድምፅ አልባ»፣ «ቃል የሌለው» እንደማለት ነው። ዳይሬክተሩ ራም ጎፓል ቫርማ ነው። በ1998 «ሳትያ»ን የሠራ ሰው ነው፤ የቦምቤይን የወንበዴ ዓለም እንደዚያ ያሳየ ፊልም ከዚያ በፊት አላየሁም ነበር። በ2005 ደግሞ ከአሚታብ ባቻን ጋር «ሳርካር»ን ሠርቷል። አሚታብን ማስተዋወቅ አያስፈልገኝም። እናቶቻችን በስሙ ያውቁታል። በ2007 ዕድሜው 64 ነበር። ያን ያህል የተከበረ ሰው፣ በዚያ ዕድሜ፣ እንዲህ ያለ ድፍረት የሚጠይቅ ገጸ ባሕርይ እሺ ብሎ መቀበሉ ራሱ ልብ ይሰቅላል። እኔም ልቤን ሰቅዬ ነው የጠበቅሁት።

ታሪኩ ቀላል ነው። ቪጃይ የ60 ዓመት ፎቶግራፍ አንሺ ነው። ደቡብ ሕንድ፣ ኬረላ ውስጥ፣ ሻይ ተክል መሐል፣ ከሚስቱና ከሴት ልጁ ጋር ይኖራል። ልጁ ለዕረፍት ስትመጣ ጓደኛዋን ይዛ ትመጣለች። ጓደኛዋ ጂያ ትባላለች፤ 18 ዓመቷ ነው። ሰውየው ይወዳታል። እሷም ትወደዋለች። ልጁ ትደርስባቸዋለች። ሚስቱ ትሰማለች። ቤቱ ይፈርሳል።

ማየት ደስ የሚል ፊልም ነው፤ ይህን መካድ አልችልም። እዚያው ኬረላ፣ ሙናር በምትባል ቦታ ነው የተቀረጸው። ጉሙ፣ ኮረብታው፣ ያ የሻይ ተክል አረንጓዴ። ምስሉ ሁሉ ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ ሁልጊዜ ሊነጋ ወይም ሊመሽ የተቃረበ ይመስላል። አሚታብም በደንብ ተጫውቷል። አንድ አዛውንት ሳያስበው ሲስቅ፣ ከዚያ መሳቁን አውቆ ሲደነግጥ፣ ያን ለመጫወት ችሎታ ይጠይቃል።

ግን አንድ ትዕይንት አለ። ፊልሙን ያየ ሁሉ ከሁሉ በፊት የሚያስታውሰው እሱን ነው። ጂያ ጓሮ ሣሩ ላይ ናት። የአትክልት ውኃ ማጠጫ ጎማ ይዛለች። ውኃውን ወደ ራሷ ታዞራለች፣ ትስቃለች፣ ልብሷ ይረጥባል። ቪጃይ ካሜራውን ይዞ ያነሣታል። እስከዚህ ድረስ ግልጽ ነው፤ ሰውየው ፎቶ አንሺ ነው፣ ዓይኑ ተይዟል። ችግሩ የፊልሙ ካሜራም አብሮት መያዙ ነው። ከእግሯ ይነሣል። ወደ ላይ ይወጣል። እንደገና ወደ እግሯ ይመለሳል። ቪጃይ በሌለበት ክፍል እንኳ ካሜራው እንደ ቪጃይ ያያታል። አንድ ገጸ ባሕርይ ልጅቷን እንዴት እንደሚያያት ማሳየት አንድ ነገር ነው። እኛም በግድ እንደዚያ እንድናያት ማድረግ ሌላ ነገር ነው። ጎበዝ ዳይሬክተር ይህን ልዩነት ያውቃል። ቫርማም ያውቃል፤ በሌሎቹ ፊልሞቹ አይቼዋለሁ።

እማዬ ጥያቄዋን የጠየቀችው እዚህ ጋ ነው።

ጂያ ዝም ያለች ልጅ አይደለችም። ታወራለች፣ ትከራከራለች፣ እንዳሰኛት ትሆናለች። «አታካብድ» እንደምንለው ዓይነት አባባል አላት፤ ትደጋግመዋለች። ግን ይህ ሁሉ ከላይ ነው። የ18 ዓመት ልጅ የ60 ዓመት ሰው ውስጥ ምን አየች? አባት ነው የናፈቃት? ካደገችበት ቤት የጎደለ ነገር አለ? ወይስ በእውነት ይህን ሰው፣ በዚህ ድምፁ፣ በዚህ ዝምታው ወደደችው? ሦስቱም ፊልም ይሆናሉ። «ኒሻብድ» አንዱንም አልመረጠም።

ቪጃይን ግን እንሰማዋለን። ታሪኩን የሚተርክልን እሱ ነው። ሲጀመርም ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ ነው፤ ራሱን ሊያጠፋ እያሰበ ያወራናል። የሚስቱ ወንድም ነገሩን ሊያበርድ ሲመጣ ሁለቱ ወንዶች ቁጭ ብለው ይወያያሉ። የሰውየው ጭንቀት፣ የሰውየው ብቸኝነት፣ የሰውየው ጸጸት ሁሉም ቦታ ተሰጥቶታል። የልጅቷን ልብ የሚጠይቅ ሰው ግን ጠፋ። ቢያንስ አንድ ሌሊት፣ ብቻዋን ክፍሏ ውስጥ፣ ካሜራው ከእግሯ ወጥቶ ፊቷ ላይ ቢቀመጥ ምናለ? አምስት ደቂቃ።

ፊልሙ ውስጥ ሙሉ ሰው የሆነችው ሴት ሚስቲቱ ናት። ሬቫቲ ናት የተጫወተችው። ባሏ ልጅቷን እንደወደዳት ሲነግራት ፊቷ ላይ የሚሆነውን ማየት ነው። ያ ፊት ከጠቅላላው ፊልም በላይ ይናገራል። የስንት ዓመት ትዳር፣ የስንት ዓመት ምሳና እራት፣ በአንድ ዐረፍተ ነገር ተናደ። እማዬ እዚያ ላይ ምንም አላለችም። ሲኒዋን አስቀመጠችና እጇን ጉልበቷ ላይ አጣጠፈች።

ጂያን ስለተጫወተችው ልጅ አንድ ነገር ልበል። ጂያ ካን ትባላለች፤ ይህ የመጀመሪያ ፊልሟ ነበር። ፊልሙ ሲወጣ ገና 19 ዓመቷ ነው። ከአሚታብ ፊት ለፊት ቆማ አልፈራችም፤ ለአዲስ ተዋናይት ቀላል አይደለም። በዚያ ሥራዋ ፊልምፌር በተባለው የሕንድ ፊልም ሽልማት ለአዲስ ተዋናይት ታጭታ ነበር። በ2013፣ ገና በ25 ዓመቷ አረፈች። ሞቷን ከፊልሙ ጋር ማያያዝ አልፈልግም፤ አይያያዝምም። ግን ፊልሙን አሁን ሳየው ያ ፊት ብዙ መሥራት ይችል እንደነበር ይታየኛል። ያን ሥራ የሰጣት አልነበረም።

ፊልሙ ሲኒማ ቤት ወደቀ። ከዚያ የተለመደው ማስተባበያ መጣ፤ «ሕዝቡ ለእንዲህ ያለ ታሪክ ዝግጁ አይደለም» የሚል። ይህን ነገር እኔ አልቀበለውም። ማስረጃዬም ከዚያው ዓመት ነው።

በዚያው በ2007፣ ሦስት ወር ሳይሞላ፣ «ቺኒ ካም» ወጣ። ስሙ «ስኳሩ ቀነስ ይበል» እንደማለት ነው። እዚህም ዋናው ተዋናይ አሚታብ ባቻን ነው። እዚህም የዕድሜ ልዩነት ነው ጉዳዩ። እሱ 64፣ እሷ 34። ተመልካቹ ግን ከ«ኒሻብድ» እጅግ በተሻለ ተቀበለው። ሕዝቡ በሦስት ወር ውስጥ ተለወጠ እንዴ?

የተለወጠችው ሴቲቱ ናት። ታቡ የተጫወተቻት ኒና ስትገባ ጀምሮ ሰው ናት። ለንደን ውስጥ አንድ የሕንድ ምግብ ቤት ትገባለች። ሩዙን ትቀምሳለች። ይጣፍጣል፤ ማለትም ስኳር ስኳር ይላል። ትመልሰዋለች። ሼፉ፣ ማለትም አሚታብ፣ ከወጥ ቤት ወጥቶ «ስለ ምግብ ምን ታውቂና» ብሎ ያዋርዳታል። እሷ አትጮህም። በነጋታው ራሷ የሠራችውን ሩዝ ትልክለታለች። ይቀምሰዋል። ያቺ ናት ትክክል። ወጥ ቤት ውስጥ በጨው ፋንታ ስኳር ገብቷል። ይህ ኩሩ ሽማግሌ ይቅርታ ለመጠየቅ ቃል ሲያጣ ማየት ደስ ይላል። ፍቅሩ ከዚህ ነው የሚጀምረው፤ ከእግር ሳይሆን ከምላስ።

ሌላም ትዕይንት አለ፤ እኔ በጣም የምወደው። መናፈሻ ውስጥ ናቸው። ኒና ራቅ ብሎ ያለ ዛፍ ታሳየውና «ሮጠህ ነክተኸው ተመለስ» ትለዋለች። ያ ቁመተ ረጅም አዛውንት ግራ ገብቶት ይሮጣል፤ እያለከለከ ይመለሳል። ለምን እንደላከችው ቆይቶ ይገባናል። አቅሙን እየመዘነች ነው። ዕድሜው አልተደበቀም። ሴቲቱ ራሷ አንሥታው፣ ፊት ለፊት አስቀምጣው፣ አስባበት ነው የምትወስነው። ይህንንም አብረን ስናይ፣ እዚያ ላይ እማዬ ከትከት ብላ ሳቀች። «ብልጥ ናት!» አለች።

ከዚያ አባትየው አለ። ፓሬሽ ራዋል ነው የሚጫወተው። ዕድሜው 58 ነው። አማቹ ሊሆን የመጣው ሰው በስድስት ዓመት ይበልጠዋል። ልጅ ለመጠየቅ ሄዶ አባትየውን «ታናሼ» ሊለው ይችላል ማለት ነው! አባትየው አሻፈረኝ ይላል፤ እህል አልቀምስም ብሎ ይተኛል። ያስቃል፤ ግን ፍርሃቱም እውነተኛ ነው። «ልጄ ገና በወጣትነቷ ባል ልትቀብር ነው» የሚል አባት ነው። ፊልሙ ይህን ፍርሃት አልናቀም። (የታመመች ሕፃን ታሪክ አምጥቶ እንባችንን በግድ ሊወስድ ይሞክራል፤ ያን ባይጨምር ይሻል ነበር።)

ስለ ታቡ ሳስብ አንድ ነገር ይቆጨኛል። በ2007 የ64 ዓመት ሰው የወደዳት ወጣቷ ሴት እሷ ነበረች። በ2019 የ«ደ ደ ፒያር ደ» የመጀመሪያው ክፍል ሲወጣ ታቡ እንደገና አለች። አሁን ግን ከባሏ የተለየች ሚስት ናት። ባልየው አጃይ ዴቭገን ነው። የ50 ዓመት ሰው ሆኖ የ26 ዓመት ሴት ይዞ ወደ ቤተሰቡ ይመጣል። በእውነተኛው ዕድሜያቸው አጃይ ከታቡ በሁለት ዓመት ይበልጣል። አሥራ ሁለት ዓመት አለፈ፤ ወንዱ አሁንም ሙሽራ ነው፣ ሴቲቱ ግን «የቀድሞ» ሆናለች። ፊልሙ ራሱ ይህን ጉዳይ ሊያነሣ ይሞክራል፤ ከታቡ አፍ የሚወጡት ቃላትም ከፊልሙ ምርጦች ናቸው። ከዚያ ወደ ቀልዱ ይመለሳል።

ሴቷ ትልቅ ስትሆንስ? በ2001 የፋርሃን አክታር «ዲል ቻህታ ሃይ» ወጥቶ ነበር። እዚያ አንድ ወጣት በዕድሜ የምትበልጠውን፣ ፈታ ብቻዋን የምትኖረውን ሴት ይወዳል። ዲምፕል ካፓዲያ ናት። ፊልሙ በጣም ጥሩ ነው፤ ስለ ጓደኝነት እንዲህ ያለ ፊልም ብዙ አላየሁም። ግን ሴቲቱ ትሞታለች። ወጣቱ ከዚያ በኋላ ከእኩያው ጋር ሲተዋወቅ እናያለን። አዛውንቱ ወንድ ሙሽራ ይሆናል፤ ትልቋ ሴት ትቀበራለች። ይህን አንዴ ካየሁ በኋላ ሌላ ፊልም ሳይም አይለቀኝም።

አንድ አሮጌ ፊልም ልጨምር፤ «ላምሄ»። ያሽ ቾፕራ በ1991 የሠራው ነው። አኒል ካፑር አንዲት ሴት ይወዳል፤ እሷ ሌላ ታገባለች፣ ከዚያ እሷም ባሏም በመኪና አደጋ ይሞታሉ። ሕፃን ልጅ ትቀራለች። ልጅቷ አድጋ ቁርጥ እናቷን ስትመስል እሷ ራሷ ሰውየውን ትወደዋለች። ሁለቱንም የተጫወተችው ስሪዴቪ ናት። ይህም ሕንድ ውስጥ አልሸጠም፤ በዓመቱ ግን የፊልምፌርን ምርጥ ፊልም ሽልማት ወስዷል። እኔ ራሴ ታሪኩ ሙሉ በሙሉ አይመቸኝም። ባየሁት ቁጥር ግን ልቤን ይነካዋል። ምክንያቱም ልጅቷ ትናገራለች። ሰውየው «አይሆንም» ይላል፤ እሷ ትሟገተዋለች። «የምትወደው የሞተችውን እናቴን ነው ወይስ እኔን?» የሚለው ጥያቄ ፊልሙ ውስጥ በግልጽ አለ። የሚያስጨንቀው ነገር ከምንጣፍ ሥር አልተጠረገም። «ኒሻብድ» ከ16 ዓመት በኋላ መጥቶ ከዚህ ወደ ኋላ ነው የሄደው።

አሁን ወደ እማዬ ጥያቄ ልመለስ። ለምን እንደጠየቀችው ያወቅሁት ቆይቼ ነው።

እማዬ ታላቅ እህት አለቻት። ገጠር ነው ያለችው። በ14 ዓመቷ ነው የተዳረችው፤ ሰውየው ያን ጊዜ አርባ አልፎታል። አሁን ሕጉ 18 ዓመት ይላል፤ ያኔ የሚጠይቅ አልነበረም። ሁሉም «ደግ ሰው ነው፣ ባለ መሬት ነው» አለ። በእውነትም ደግ ነበረ ይላሉ። መትቷት አያውቅም። እኔ ሰው ስለ አክስቴ ትዳር ሲያወራ እየሰማሁ ነው ያደግሁት፤ ወሬው ሁልጊዜ ስለ እሱ ነው። እሱ እንዴት እንደወደዳት። እሱ እንዴት ለሠርጉ ስንት በሬ እንደጣለ። እሱ ሲታመም እንዴት እንዳስታመመችው። እሷ ያን ሌሊት ምን እንዳሰበች የነገረኝ የለም። እኔም ጠይቄ አላውቅም።

አክስቴ ጂያ አይደለችም። ጂያ የተማረች፣ መርጣ የገባች ልጅ ናት፤ ሁለቱን አንድ ላይ መስፈር ልክ አይሆንም። አንድ የሚያደርጋቸው ታሪካቸው በሌላ ሰው አፍ መነገሩ ነው። ለዚህ ነው ፊልሙ የከፋኝ። ድፍረት አለኝ ብሎ የመጣ ፊልም ከሰፈር ወሬ የተሻለ ነገር ሊነግረኝ ይገባ ነበር።

የ«ኒሻብድ» መጨረሻ እንዲህ ነው። ቪጃይ ልጅቷን ከቤት እንድትሄድ ያደርጋታል። ከዚያ ገደሉ አፋፍ ላይ ይቆማል። ግን አይዘልም። ከትዝታዋ ጋር ትንሽ ልኑር ይላል። ትዝታው የእሱ ነው፣ ሕመሙ የእሱ ነው፣ የመጨረሻው ቃልም የእሱ ነው። ሙዚቃው ይነሣል፤ ስሞች መውረድ ይጀምራሉ።

በረካው ተቀድቶ ነበር፤ ቀዝቅዟል። እማዬ ምንም ሳትል ስኒዎቹን ሰበሰበች። ማታ ላይ ስልኳን አንሥታ ስትደውል ሰማኋት። «እትዬ፣ እንዴት ዋልሽ? ... ምንም የለም፣ ድምፅሽን ልስማ ብዬ ነው» አለች። ከዚያ መደቡ ላይ ቁጭ ብላ፣ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋ፣ ረጅም ጊዜ ምንም አልተናገረችም። አልፎ አልፎ «እሺ»፣ «ከዚያስ?» ብቻ ነበር የምትለው።